ከቢርቢርሳ እስከ ዓለም ገና፦ የካቶሊካውያን ማኅበር አመጣጥና የሥርዓተ ቅዳሴው ጥያቄ በአዲስ አበባ ዙሪያ

የአንድ ሃይማኖት ማኅበር በአንድ ስፍራ እንዴት እንደ ተመሠረተ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ሕንፃውን ነው፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያኑ በማን ዘመን እንደ ታነጸ፣ መሬቱን ማን እንደ ሰጠ፣ የመጀመሪያው ካህን ማን እንደ ነበረ ይጠይቃል። ይህ አካሄድ ለጥንታዊ ደብርና ለገዳም ታሪክ የሚስማማ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚገኘው የካቶሊካውያን ማኅበር ግን አይበቃም። በዚህ ስፍራ ሕንፃው የመጣው ከሰው በኋላ ነው፤ ሰውም የመጣው በመንገድ ነው። ስለዚህ የዚህን ማኅበር ታሪክ ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ መንገዶቹን መመልከት ይገባል።

ከዋና ከተማው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወጡት ሦስት ጐዳናዎች በሦስት ከተሞች በኩል ያልፋሉ። በቡራዩ የሚያልፈው ወደ አምቦና ወደ ነቀምት ይዘልቃል፤ በሱሉልታ የሚያልፈው ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፤ በሰበታ የሚያልፈው በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ጅማ ያደርሳል። ይህ ሦስተኛው ጐዳና ሰበታ ከመድረሱ በፊት ዓለም ገና ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ክንድ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ ይታጠፋል። እነዚህ ጐዳናዎች የሚያደርሱባቸው አገሮች ሁሉ በካቶሊካውያን ታሪክ ውስጥ የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። ከአምቦው መንገድ በስተ ሰሜን ባለው በጉድሩ የካፑቺን መነኮሳት ሥራ ተጀመረ፤ ጎጃም የአባ ገብረ ሚካኤል የትውልድ አገር ነው፤ ከዓለም ገና ወዲያ ደግሞ ጉራጌ፣ ከምባታ፣ ወላይታና ከፋ አሉ። በዙሪያው ከተሞች የሚኖረው ካቶሊካዊ በእነዚህ መንገዶች ሲገባ የአባቶቹን እምነት ብቻ ሳይሆን የአባቶቹን ሥርዓተ ቅዳሴም ይዞ ገብቷል። ሥርዓቱ ግን አንድ አይደለም፤ አንዱ የግዕዝ ነው፣ አንዱ የላቲን ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣና በዛሬው ቁምስና ላይ ምን እንዳስከተለ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዘመኑ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፣ በቅንፍ ያለው የአውሮጳ ነው።

፩. የጥንቱ ቁስል

የሥርዓት ጥያቄ በኢትዮጵያ ምድር ቀላል ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። በ1595 ዓ.ም. (1603) ወደ አገሩ የገባው ኢየሱሳዊ ጴጥሮስ ፓኤዝ ያገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ ካገሩ ሊቃውንት ጋራ በትዕግሥት ተከራክሮ፣ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ ለመሳብ ችሎ ነበር። ንጉሡ የሮማን እምነት በግልጥ የተቀበሉት በ1614 ዓ.ም. (1622) ነው። በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ፤ በ1617 ዓ.ም. (1625) በፓትርያርክነት የመጣው አልፎንሶ ሜንዴስ ግን የፓኤዝን መንገድ አልተከተለም። የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፣ የጾሙና የበዓላቱ ሥርዓት እንዲለወጥ፣ ቅዳሴውም ወደ ላቲን ሥርዓት እንዲጠጋ አዘዘ።

ከዚህ የተነሣ የፈሰሰው ደም የታወቀ ነው። በ1624 ዓ.ም. (1632) ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ካገር አስወጡ። ሕዝቡን ያስነሣው የሊቃውንቱ የባሕርይ ክርክር ብቻ አልነበረም። የገበሬው ጾምና በዓል፣ የእናቲቱ የልጅ ጥምቀት፣ የደብተራው ዜማ ሲነካ ነገሩ የሁሉ ሆነ። ስለዚህ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የተላኩት ካህናት አስቀድመው መመለስ የነበረባቸው ጥያቄ ይህ ነበር፤ የሮማን እምነት የሚቀበል ኢትዮጵያዊ የሚቀድሰው በማን ሥርዓት ነው?

፪. ሁለት አባቶች፣ ሁለት መንገድ

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ተሰጠ። የመጀመሪያው መልስ የላዛሪስቱ የዩስቲኖስ ዴ ያቆቢስ ነው፤ ያገሩ ሰዎች አባ ያዕቆብ ይሏቸዋል። አባ ያዕቆብ በ1832 ዓ.ም. (1839) ዐድዋ ገብተው፣ እንደ ያገሩ መነኵሴ ለብሰውና ጾመው፣ የግዕዙን ሥርዓት እንዳለ ተቀበሉ። ወደ እርሳቸው ከቀረቡት ሊቃውንት ዋነኛው በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኒህ መነኵሴ ወደ ግብፅ በሄደው መልእክት ተካፍለው ሮማንና ኢየሩሳሌምን ካዩ በኋላ በ1836 ዓ.ም. (1844) የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ በ1843 ዓ.ም. (1851) ከአባ ያዕቆብ እጅ ክህነት ተቀበሉ። በአቡነ ሰላማና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ታስረው፣ ከሠራዊቱ ጋራ በሰንሰለት ሲጐተቱ በ1847 ዓ.ም. (1855) በመንገድ ላይ ዐረፉ። ሮማም በ1919 ዓ.ም. (1926) ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው።

ሁለተኛው መልስ የካፑቺኑ የጉልዬልሞ ማሳያ ነው፤ እርሳቸውንም ያገሩ ሰው አባ ማስያስ ብሏቸዋል። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1838 ዓ.ም. (1846) ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴነት ሲያቆሙ የመጀመሪያው ተሿሚ እርሳቸው ነበሩ። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ሌሊት ተገናኝተዋል፤ በ1841 ዓ.ም. (1849) አባ ያዕቆብን በምጽዋ በድብቅ የጵጵስና ማዕርግ የቀቧቸው አባ ማስያስ ናቸውና። ከዚያ በኋላ ግን ተለያዩ። አባ ማስያስ የነጋዴ ልብስ ለብሰው፣ ስማቸውን ለውጠው፣ በግብፅና በሱዳን ዞረው፣ ዐባይን ተሻግረው በ1845 ዓ.ም. (1852) ጉድሩ ገቡና በአሰንዳቦ ተቀመጡ። ከዚያም ወደ ኤናርያና ወደ ከፋ ዘለቁ። በእነዚህ አገሮች የግዕዝ ቅዳሴ ያልለመደ ብዙ ሕዝብ ስለ ነበረ፣ የሥራቸው መሠረት የላቲን ሥርዓት ሆነ፤ ትምህርቱ ግን በሕዝቡ ቋንቋ እንዲሆን ደከሙ። በ1859 ዓ.ም. (1867) በፓሪስ ያሳተሙት ስለ አማርኛና ስለ ኦሮምኛ ሰዋስው የሚናገረው መጽሐፍ የዚህ ድካም ምስክር ነው።

እንግዲህ የልዩነቱ ሥር ይህ ነው። አባ ያዕቆብ የሠሩት ቅዳሴና ሊቃውንት በነበሩበት አገር ስለ ሆነ ያለውን ተቀበሉ፤ አባ ማስያስ የሠሩት በአብዛኛው እነዚህ ባልተለመዱበት አገር ስለ ሆነ የራሳቸውን ይዘው ገቡ። ሁለቱም እንደየቦታው ምክንያት ነበራቸው። ችግሩ የተወለደው የሁለቱ ልጆች በአንድ ስፍራ በተገናኙ ጊዜ ነው።

፫. ቢርቢርሳ

አባ ማስያስ ከከፋ ተባረው ወደ አውሮጳ ከተመለሱ በኋላ፣ በታጁራ በኩል አድርገው በ1860 ዓ.ም. (1868) ሸዋ ገቡ። ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ተቀብለው፣ ወደ ከፋ እንዳይሄዱ ይዘው፣ አማካሪያቸው አደረጓቸው። ብዙም ሳይቈይ በፊንፊኔ ሜዳ ቢርቢርሳ በሚባለው ስፍራ የሚሲዮን ቤት እንዲሠራ ፈቀዱላቸው። ቢርቢርሳ በኦሮምኛ ዝግባ ማለት ነው፤ ስፍራውም ኋላ የአራዳ ጊዮርጊስ የታነጸበት አካባቢ ነው። የቤቱም ሥራ ለፈረንሳዊው ካፑቺን ለአባ ታውሪን ካኛ ተሰጠ።

የቢርቢርሳው ቤት ለታሪክ የሚጠቅመው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ በፊት በዚሁ ሜዳ ላይ የቆመ የካቶሊካውያን ማኅበር እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ከተማይቱ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. (1886) ነውና። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የተሰበሰበበትን ጠባይ ያሳያል። ሰው ወደ ሚሲዮኑ የሚመጣው አስቀድሞ ለስብከት አልነበረም፤ ለመድኃኒት ነበረ። አባ ማስያስ የፈንጣጣ ክትባት ስለሚሰጡ የፈንጣጣ አባት ተብለው እስከ መጠራት ደርሰዋል። ከመድኃኒቱ በኋላ የልጆች ትምህርት፣ ከትምህርቱ በኋላ ጥምቀት ይከተላል። ይህ ቅደም ተከተል ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ውስጥ በተቋቋሙ ብዙ ቁምስናዎች ተደግሟል፤ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ ይቀድማል፣ ጸሎት ቤቱ ይከተላል፣ ነዋሪ ካህን በመጨረሻ ይመጣል።

የሚሲዮኑ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። አባ ማስያስ ከንጉሡ ጋራ የነበራቸው ቅርበት ማኅበሩን ያቆመ ምሰሶ ነበረ፤ ያው ምሰሶ በፖለቲካ ሲነቀነቅ ቤቱም ተነቃነቀ። ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. (1878) ለዐፄ ዮሐንስ ገብተው፣ በዚያው ዓመት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖትን አንድነት ከወሰነ በኋላ፣ ሚሲዮናውያንን በሸዋ ማቆየት አልቻሉም። ሰባ ዓመት የሆናቸው አባ ማስያስ በ1872 ዓ.ም. (1879) ከሸዋ ወጥተው፣ ደብረ ታቦር ላይ ዐፄ ዮሐንስ ፊት ቀርበው፣ በሱዳን በኩል ተሰናበቱ። በ1877 ዓ.ም. (1884) ካርዲናል ተብለው፣ በ1881 ዓ.ም. (1889) በናፖሊ አጠገብ ዐረፉ። በሠላሳ አምስት ዓመት የአገልግሎት ዘመናቸው ላይ የጻፉት 12 ጥራዝ ያለው መጽሐፍ ዛሬም ለታሪክና ለሕዝብ ጠባይ ተመራማሪ ከፍ ያለ ምንጭ ነው፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በትዝታ የተጻፈ ስለ ሆነ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል።

፬. ከሐረር ወደ ዋና ከተማ

አባ ታውሪን ከሸዋ ከወጡ በኋላ ማዕከላቸውን በሐረር አደረጉ። በ1892 ዓ.ም. (1900) የተተኳቸው አባ እንድርያስ ዣሮሶ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ አገለገሉ። በዚህ ዘመን ማኅበሩ በቢርቢርሳ ያጣውን በሌላ መልክ አገኘ፤ ይኸውም ትምህርት ነው። የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ ከአስተማሪዎቻቸው መካከል አባ እንድርያስና በሐረር ሚሲዮን የተማሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. (1915) በሐረማያ ሐይቅ በደረሰው አደጋ ሞተዋል።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. (1917) አዲስ አበባ ሲደርስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማሩ ሰዎች በአስተርጓሚነትና በጽሕፈት ሥራ ወደ ዋና ከተማው ገቡ። ከእነርሱም ጋራ የአውሮጳ ሠራተኞችና ነጋዴዎች፣ ከትግራይና ከኤርትራ የመጡ የአባ ያዕቆብ ልጆች ተቀላቀሉ። እንግዲህ በአዲስ አበባ የላቲኑና የግዕዙ ሥርዓት ምእመናን በአንድ ከተማ መኖር የጀመሩት ከዚህ ዘመን አንሥቶ ነው።

የጣልያን ወረራ ይህን አዝጋሚ ዕድገት አናጋው። አዲሱ ገዥ ፈረንሳውያኑን ካህናት አስወጥቶ ጣልያናውያንን ተካ፤ በ1929 ዓ.ም. (1937) አዲስ አበባ የራሷ ሐዋርያዊ እንደራሴነት ተሰጣት፤ በ1932 ዓ.ም. (1940) እምድብርና ሆሳዕና ራሳቸውን የቻሉ የሚሲዮን አውራጃዎች ሆኑ። በካርታ ላይ ሲታይ ይህ እድገት ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ በለጠ። ካቶሊክነት በብዙ ሰው ዓይን የጠላት ሃይማኖት ሆኖ ታየ፤ በ1933 ዓ.ም. (1941) ነጻነት ሲመለስ ጣልያናውያኑ ካህናት ተሸኙ፤ በየገጠሩ የቀረውንም ምእመን የያዙት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ካህናትና የገጠር አስተማሪዎች ናቸው። ማኅበሩ ካገሩ ውስጥ ሥር መስደዱ የታወቀው የውጭ እጅ በጐደለበት በዚህ ጊዜ ነው።

በ1936 ዓ.ም. (1944) የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሩን በሁለት ከፈለ፤ አንደኛው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል ሲሆን፣ በዚያ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንጂ ስብከት አልተፈቀደላቸውም፤ ሁለተኛው ክፍት ክልል ነው። አዲስ አበባ ክፍት ሆና ተቈጠረች። የትምህርቱም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። በዚህ ደንብ ምክንያት የደቡቡ አገር የሚሲዮኖች ዋና እርሻ ሲሆን፣ ዋና ከተማይቱ የመገናኛቸው አደባባይ ሆነች።

፭. የ1944ቱ ውሳኔ

የዛሬውን የዓለም ገናን ነገር የወሰነው ግን ሌላ ድርጊት ነው። በ1944 ዓ.ም. (1951) ሮማ በአዲስ አበባ ለግዕዝ ሥርዓት ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ አስተዳደር አቆመች፤ የእምድብርም አውራጃ በዚህ ሥር ገባ። የሆሳዕናው አውራጃ ግን በላቲን ሥርዓት እንደ ነበረ ቀረ። በ1953 ዓ.ም. (1961) የአዲስ አበባው አስተዳደር ወደ ሊቀ ጳጳስ መንበርነት ከፍ ብሎ አቡነ አሥራተ ማርያም ይመሩ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ተከታያቸው ጳውሎስ ጻድዋ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የተረጐሙ ሊቅ ሲሆኑ፣ በ1977 ዓ.ም. (1985) ካርዲናል ተባሉ። እምድብር በ1996 ዓ.ም. (2003) የራሱ ሀገረ ስብከት ሆነ፤ ሆሳዕናና ሶዶ በ2002 ዓ.ም. (2010) ተለያይተው እያንዳንዳቸው የላቲን ሥርዓት ሐዋርያዊ እንደራሴነት ሆኑ።

እነሆ፣ ጉራጌና ከምባታ ጐረቤት አገሮች ናቸው፤ ወደ ሁለቱም ስብከተ ወንጌልን ካደረሱት መካከል ከሐረር ወገን የመጡ ካህናት ነበሩ። ነገር ግን በአንድ የአስተዳደር ውሳኔ የአንዱ ካቶሊክ ልጅ በግዕዝ ሥርዓት፣ የሌላው በላቲን ሥርዓት ተጠምቆ አደገ። ልዩነቱን የፈጠረው የሕዝቡ ባሕል ወይም ምርጫ አልነበረም፤ የድንበር መሥመር ነው።

፮. ዓለም ገና

ሁለቱ ወገኖች ወደ ዋና ከተማው ሲመጡ መንገዳቸው የሚጋጠመው ዓለም ገና ላይ ነው። ከእምድብር የተነሣው በወልቂጤና በሰበታ በኩል ይደርሳል፤ ከሆሳዕናና ከሶዶ የተነሣው በቡታጅራው ክንድ ይመጣል። ኢንዱስትሪው፣ ንግዱና የዋና ከተማው የቤት ኪራይ ውድነት ሰውን ወደ ዙሪያው ከተሞች ሲገፋ፣ የሁለቱ ሥርዓት ልጆች በአንድ ግቢ ተከራይተው፣ በአንድ ዕድር ተጽፈው፣ በአንድ ጸሎት ቤት መሰብሰባቸው የማይቀር ነው።

በዚህ ጊዜ ልዩነቱ በምን ይታያል? በቋንቋ አይደለም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1956 ዓ.ም. (1963) የሕዝብ ቋንቋ በቅዳሴ እንዲገባ ከፈቀደ ወዲህ የላቲን ሥርዓት የሚባለው በአማርኛና በየአገሩ ቋንቋ ይቀደሳል፤ በግዕዙም ሥርዓት አማርኛ ገብቷል። ስለዚህ ላቲን የሚለው ቃል የቀረው በስም ነው። ልዩነቱ የሚታየው በቅዳሴው አደራረግ፣ በአልባሳቱ፣ በዜማው፣ ከሁሉም ይልቅ በልጆች ላይ ነው። በግዕዙ ሥርዓት ሕፃኑ በተጠመቀበት ዕለት ሜሮን ይቀባል፤ በላቲኑ ግን ምሥጢረ ሜሮን ልጁ አድጎ ትምህርት ከተማረ በኋላ ይሰጣል። በአንድ ግቢ ያደጉ ሁለት ልጆች አንዱ ሜሮን ሊቀበል ሲዘጋጅ ሌላው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተቀብቶ ይገኛል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1975 ዓ.ም. (1983) የወጣው የላቲን ሕገ ቀኖናና በ1983 ዓ.ም. (1990) የወጣው የምሥራቃውያን ሕገ ቀኖና በሁለት ነገር ይስማማሉ። አንደኛ፣ ምእመን ለብዙ ዘመን በሌላ ሥርዓት ምሥጢራትን ቢካፈልም በዚህ ብቻ ሥርዓቱን አይለውጥም። ሁለተኛ፣ የሁለት ሥርዓት ወላጆች በሌላ ካልተስማሙ ልጁ የአባቱን ሥርዓት ይይዛል። ስለዚህ የቁምስናው የጥምቀት መዝገብ ተራ ጽሑፍ አይደለም። ቆሞሱ የልጁን ስም ሲጽፍ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደ ሆነ አብሮ ይጽፋል፤ ይህ ካልተጻፈ ልጁ ሲያድግ በጋብቻ ወይም በክህነት ጊዜ ጥያቄ ይነሣል። በአዲስ አበባ ግን የላቲን ሥርዓት የራሱ ሀገረ ስብከት ስለሌለው ሁሉም የሚገዛው በግዕዙ ሊቀ ጳጳስ መንበር ሥር ነው። ከሆሳዕና የመጣው ምእመን በሕግ ላቲን፣ በአስተዳደር የግዕዝ መንበር ልጅ፣ በኑሮ የሁለቱም ይሆናል።

ሕዝቡ ይህን የሚያስታርቀው በራሱ መንገድ ነው። ዕድሩ ሃይማኖት ሳይለይ ሬሳ ያነሣል፤ የጉራጌው ተወላጅ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲገባ የዓመቱን ስለት፣ የልጁን ጥምቀትና የጋብቻውን ጉዳይ ከአባቱ ቁምስና ጋራ ያያይዛል። ስለዚህ የዙሪያው ከተማ ቁምስና ብዙ ዘመን የሁለተኛ ቤት ሆኖ ይቈያል፤ የመጀመሪያው ቤት በመንገዱ ጫፍ ያለው ነው። ቁምስናው በእርግጥ ተተከለ የሚባለው ምእመኑ ሬሳውን ወደ አገሩ መላክ ትቶ በዚያው ሲቀብር፣ ልጁንም በዚያው ሲያስጠምቅ ነው።

ይሁን እንጂ ከሁለቱ ሥርዓት ጥያቄ በስተ ጀርባ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የቱለማ ኦሮሞ አገር ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። አባ ማስያስ የተላኩት ለኦሮሞ ሕዝብ ነበረ፤ የደከሙትም በኦሮምኛ ለማስተማር ነበረ። በዚሁ ምድር ላይ ዛሬ የሚያድገው ማኅበር ግን በብዛት ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ማኅበር ነው። በ1999 ዓ.ም. (2007) በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ካቶሊካውያን ከመላው ሕዝብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞሉም፤ 0.7 ከመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ ያነሰ ማኅበር በስደተኛነት ጠባይ ብቻ ከኖረ መንገዱ ሲዘጋ ይደርቃል። ካገሬው ቋንቋ ጋራ ከተዛመደ ግን አባ ማስያስ በቢርቢርሳ የጀመሩት ሥራ በሌላ እጅ ይቀጥላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። በ17ኛው መቶ ዓመት የሜንዴስ ሥራ የፈረሰው ሥርዓትን በትእዛዝ ስለ ለወጠ ነው። የቢርቢርሳው ሚሲዮን የተበተነው በአንድ ንጉሥ ሞገስ ላይ ስለ ተመሠረተ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የተረፈው ማኅበር የተረፈው ያገሩ ሰዎች ስለ ያዙት ነው። በዓለም ገና መጋጠሚያ ላይ የሚሰበሰበው ምእመን እነዚህን ሦስት ታሪኮች ሁሉ በአንድነት ወርሷል። የግዕዙና የላቲኑ ልጆች አንድ ቁምስና የሚሆኑት አንዱ ሌላውን ውጦ እንዳይደለ ያለፈው ዘመን በቂ ምስክር ነው። መዝገቡን በጥንቃቄ ጽፎ፣ ልዩነቱን በሕጉ መሠረት ጠብቆ፣ በሚኖርበት ምድር ቋንቋ መናገር ግን ከቆሞሱም ከምእመኑም የሚጠበቅ የየዕለት ሥራ ነው። መንገዱ ሰውን አምጥቷል፤ ሰውን ማኅበር የማድረጉ ሥራ ገና የሚቀጥል ነው።